የወይዘሮ ትርንጎ ባሎች

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽ በበቅሎ ይቀድማል፤ ልብሽ ኋላ ከአጋሰስ ጋር እያዘገመ ይመጣል» አለኝ አባቴ፣ እንግዳ በተቀመጠበት።

አባቴ ከደባርቅ ወደ በየዳ ጨውና ስኳር ጭኖ ይወጣል፣ ገብስ ጭኖ ይመለሳል። ከአጋሰስ ጋር የኖረ ሰው ነውና ምሳሌውም ከኮርቻና ከመጫኛ አይወጣም። እንዲህ ያለኝ በሌላ አይደለም። እንግዳው ከጎንደር የገዛውን አዲስ ጫማ እግሩን እያነባበረ ሲያሳየን፣ ሁለቱም የቀኝ እግር መሆናቸውን ስለ ነገርሁት ነው። የቀኝ እግር ነበሩ። ሰውዬው ሳምንቱን ሙሉ ለምን እንደሚያነክስ ገና ያን ቀን ገባው። እናንተ ብትሆኑ ዝም ትሉ ነበር?

ያም ሆነ ይህ ነገሩ ከነከነኝ። በዚያው ሰሞን ቀበሌያችን ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አስተማሪ የሚሆኑ ወጣቶችን አዳራሽ ሰብስቦ ማሠልጠን ጀመረ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሰን በየደጁ ፀሐይ የምንሞቅ ሁሉ ተጠራን። አሠልጣኙ ከጎንደር የመጣ ቀጭን ሰው ነው፤ ስሙን ስላልነገረን «ጓድ አሠልጣኝ» እንለው ነበር። ገበሬውን እየጎተታችሁ ፊደል ፊት ብታስቀምጡት ዓይኑ እንጂ ልቡ አይመጣም አለን። ስለዚህ ከፊደሉ በፊት እኛው ራሳችን መሻሻል ነበረብን፤ ሰውን ማሳመን፣ ነገርን አለመርሳት፣ የተማሩትን ማጽናት፣ በመጨረሻም መወሰን። ሌሎቹ ገበሬውን እያሰቡ አዳመጡ። እኔ አባቴን እያሰብሁ አዳመጥሁ።

ምክንያቱም ሁለት ነገር ተደራርቦብኝ ነበር። ጎንደር ላለው የመምህራን ማሠልጠኛ ስሜ ወጥቷል፤ ከገና በኋላ ግቡ ተብለናል። ይህን ገና ለማንም አልተነፈስሁም። በዚሁ መሐል ደግሞ ከዳባት ሽማግሌ ተላከብን፤ ወፍጮ ያላቸው ሰዎች ናቸው፣ ለልጃቸው እኔን ፈለጉ። ልጁን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ነበር። ክፉ ልጅ አይደለም። እኔ ግን የወፍጮ ድምፅ እየሰማሁ ለማርጀት አልቸኮልሁም። ቀበሌ ሄጄ «ያለ ፈቃዴ ሊድሩኝ ነው» ማለት ይቻለኝ ነበር። ነገር ግን በዚያ ጊዜ ቀበሌ የገባ ስም እንደ ገባ አይወጣም፤ አባቴ ደግሞ አጋሰስ ያለው ሰው ነው፣ ከተጠራ ሌላም ሌላም ይታወስበታል። ስለዚህ ማሳመን ነበረብኝ።

የጓድ አሠልጣኝ የማሳመን ትምህርት አጭር ነው። የምትፈልጉትን ቀድማችሁ አትናገሩ። ሰውዬው «አዎ» የሚልበትን ትንሽ ትንሽ ነገር ጠይቁት፤ አፉ «አዎ» ማለት ሲለምድ ዋናውን ጣል አድርጉበት፣ ሳያስበው ይቀበላችኋል።

በማግሥቱ አባቴ ጭነት ሲያስር አጠገቡ ቆምሁ። ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነበር አይደል አልሁት። አዎ አለ። ገብሱስ ያዘ አይደል? አዎ። አጋሰሶቹም ጠግበዋል አይደል? አዎ አለና ገመዱን ለቀቀው።

«ምን ሰብረሽ ነው?» አለኝ።

ምንም አልሰበርሁም ብዬ ብምልም አላመነኝም፤ ገብቶ ጋኖቹን አንድ በአንድ አንኳኳቸው። ከዚያ በኋላ ደጋግሜ ሞከርሁት። እራት ላይ፣ ገበያ ስንሄድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ። ሁለተኛው «አይደል» ላይ ስደርስ ጋን ሊያይ ይነሣል።

ማሳመኑ እንዲህ ሲከሽፍብኝ ሁለተኛው ትምህርት ደረሰ፤ ነገርን አለመርሳት። እዚህ ላይ ነው ጣጣው የሚጀምረው።

በእኛ አገር ከሰባት ቤት ወዲህ የተዛመደ አይጋባም። ሽማግሌ በተላከ ቁጥር ዘመድ ይቆጠራል፤ በእሱም በእሷም ወገን እስከ ሰባት ትውልድ። ቅርንጫፉ የትም ካልተገናኘ ስለ ጥሎሽ ይወራል፤ ከተገናኘ ሁሉም ጠላውን ጠጥቶ ይሄዳል። ከዳባት እስከ ደባርቅ ይህን የሚቆጥሩት ግራዝማች ውቤ ናቸው። ግራዝማችነታቸው በአብዮቱ ቢሻርም አገሩ አልሰማም፤ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ሳይቀር «ጓድ ግራዝማች» ይባላሉ። በጣም ኩሩ ናቸው። «ተሳስተዋል» ያላቸው ሰው በሕይወት የለም፤ በሕይወት ያለነው ሁላችን እሳቸው ቆጥረውን የተወለድን ነንና ማን ይደፍራል?

እንግዲህ ከወፍጮው ልጅ ጋር የምንገናኝበት አንድ ቅድመ አያት ካገኘሁ፣ አባቴን ማሳመን አያስፈልገኝም፤ ሕጉ ያሳምንልኛል። ቡይት ራስ መንገድ ላይ ወደሚኖሩት የእናቴ አክስት ወደ እማሆይ ወጣሁ። እማሆይ ሰው መጥቶ ስለ ሙታን እስኪጠይቃቸው የሚጠብቁ ሴት ናቸው። የእናቴን ወገን ዘረገፉልኝ፤ የአባቴንም ጨመሩልኝ፤ ዳባቶቹንም መረቁልኝ።

ያ ሁሉ ስም በራስ አይያዝም። ጓድ አሠልጣኝ ግን ብልሃት ሰጥቶናል፤ ለማስታወስ የምትፈልጉትን ሁሉ በምታውቁት መንገድ ላይ አስቀምጡት፣ ሲያስፈልጋችሁ በሐሳብ በመንገዱ ሂዱና ልቀሙት። እኔም ዘመዶቼን በሙሉ ደባርቅ አውራ ጎዳና ላይ ደረደርኋቸው። የአባቴን የቅድመ አያት አባት ጓንጉልን ነዳጅ ማደያው በርሜል ላይ አስቀመጥሁት። የእናቴን ቅድመ አያት ደስታን አውቶቡስ ማቆሚያ ጋ አቆምሁት። የደስታን እናት ወይዘሮ ትርንጎን የቀበሌው ሱቅ ስኳር ወረፋ ውስጥ ከተትኋት። ይህ ነገር ሠራ። እንዲያውም ከመጠን በላይ ሠራ፤ በርሜሉ አጠገብ ሳልፍ እጅ መንሣት ጀመርሁ።

ከሁሉ ግን ትርንጎ ነች ሴት ማለት። ሦስት ባል አግብታለች። መጀመሪያ ዳባት አገባች፤ የወፍጮው ልጅ ከዚያ የወረደ ነው፣ ስድስተኛ ቤት። ፈትታ በየዳ ወጣች፣ ደስታን ወለደች፤ እናቴ ከዚያ የወረደች ናት፣ አምስተኛ ቤት፤ እኔ ስድስተኛ። ስድስት ከሰባት እንደሚያንስ ለማወቅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል መድረስ አያስፈልግም። ከቡይት ራስ ቁልቁል እየሮጥሁ ወረድሁ።

ሦስተኛው ትምህርት የተማሩትን ማጽናት ነው፤ የተማራችሁትን በዚያው ቀን ለሌላ ካላስተማራችሁ ይተንናል። ማስተማሪያ ቦታ ስፈልግ ከቦኖ የተሻለ አላገኘሁም፤ ሴቱ ሁሉ ባልዲውን ደርድሮ ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል። የአንዷን ቆጠርሁላት፣ የሁለተኛዋን ቆጠርሁላት፣ ተገናኙ። ሦስተኛዋም ተገናኘች። ለዘመድ ወረፋ መልቀቅ ወግ ነውና እያንዳንዷ «እኅቴ ነሽ፣ ልቅደምሽ» ማለት ጀመረች። ሁሉም ቀዳሚ ሆነ፣ ባልዲ ከባልዲ ተጋጨ፣ ውኃው መጥቶ ሄደ፣ ማንም አልቀዳም። እኔ ላይ ተፈረደና ሳምንት ከቦኖ ታገድሁ። ወሬው ግን ከውኃው ይልቅ ፈሰሰ፤ የደባርቋ ልጅ ዘመድ ትቆጥራለች መባሉ ዳባት ደረሰ። ዳባቶቹም ለቆጠራው ቀን ጋሼ ካሳዬን ጨምረው መጡ። ጋሼ ካሳዬ በጃንሆይ ጊዜ ነገረ ፈጅ የነበሩ ናቸው፤ በሰው አፍ ውስጥ ገብተው የሚፈልጉትን ቃል ይዘው የሚወጡ።

ቆጠራው እቤታችን ሆነ። ዳባቶቹ በአንድ ወገን፣ አባቴና የንስሐ አባታችን አባ ገብረ ማርያም በሌላው ወገን፣ ግራዝማች በመካከል። እናቴ ጓዳ ናት። እኔ ጠላ እቀዳለሁ፤ ሴት ልጅ በራሷ ቆጠራ ላይ ያላት ሥልጣን ያ ነው። ግራዝማች ዓይናቸውን ጨፍነው የእናቴን ወገን አወረዱ። ደስታ ላይ ሲደርሱ «ደስታን ብርቅነሽ ወለደችው» ብለው አለፉ። ከብርቅነሽ ወደ አባቷ፣ ከአባቷ ወደ አያቷ፣ ሰባት ሞላ። «ንጹሕ ነው» አሉና እጃቸውን ወደ ዋንጫው ሰደዱ።

ማንቆርቆሪያዬን ይዤ ቆምሁ። እዚህ ላይ ያ የማይሠራው ትምህርት ትዝ አለኝ።

ግራዝማች ተሳስተው አያውቁም አይደል ብዬ ጠየቅኋቸው። አዎ አሉ፣ ደስ ብሏቸው። ደስታ ተወልዶ ያደገው በየዳ ነው አይደል? አዎ። አባቱ ያገባው ዳባት ተፋትታ የመጣችውን ሴት ነው አይደል? አዎ።

«እሷ ደግሞ ትርንጎ ናት አይደል?»

«አዎ» አሉና ዓይናቸውን ገለጡ።

ጓድ አሠልጣኝ በዚያች ሰዓት ቢያየኝ ምስክር ወረቀት ይሰጠኝ ነበር። ዳባቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አባቴ አቀረቀረ። እኔ በልቤ ጎንደር ገብቻለሁ። ጋሼ ካሳዬ ግን ጢማቸውን ጠራርገው፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ወደ እኔ ዞር አሉ።

«ጎበዝ ልጅ ነሽ። ይህች ትርንጎ ሦስተኛ ባል ነበራት ሲባል እሰማለሁ። እሱን ግን አታውቂው ይሆናል።»

አታውቂው ይሆናል! እኔ፣ አገሩን በሙሉ አውራ ጎዳና ላይ ያሰለፍሁት!

«ድብ ባሕር ወርዳ ያገባችው ነዋ» አልሁ። «ጓንጉልን የወለደችለት። ጓንጉል ማለት የአባቴ የቅድመ አያቱ…»

ልቤ ከአፌ ኋላ የደረሰው እዚህ ላይ ነው። አባቴ ከትርንጎ ስድስተኛ፣ እናቴ አምስተኛ። ማንም አልቆጠረም፤ ሁሉም ቆጥሮ ጨርሷል። ከጓዳ የእናቴ ድምፅ መጣ።

«ታዲያ እኔ የማን ሚስት ነኝ?»

አባቴና እናቴ በቁርባን የተጋቡ ናቸው። አባ ገብረ ማርያም መስቀላቸውን ሲያገላብጡ ቆዩና፣ የደብሩ ካህናት እስኪመክሩበት ድረስ ተለያይተው ይቀመጡ አሉ። ምክሩ ከከፋ ተፋቱ ሊባሉ እንደሚችሉም ሳይደብቁ ነገሩን። ዳባቶቹ ጠላውን ጠጥተው ሄዱ።

አባቴ ከኮርቻዎቹ ጋር ወደ አጋሰሶቹ ማደሪያ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሁለቱ መካከል የምመላለስ እኔ ሆንሁ። እናቴ ከትርንጎ ሲቆጠር በአንድ ቤት ትቀድመዋለችና በአቆጣጠር አክስቱ ነች። ይህ ደግሞ ለሁለቱም አልጠፋቸውም። አንድ ቀን ወጥ ይዤለት ስሄድ ቀመሰና «አክስቴን ጨው አንሷል በያት» አለኝ። ደረስሁና ነገርኋት።

«ለወንድሜ ልጅ ንገሪው፤ ጨው የሚጭነው እሱ ነው፣ ያምጣ» አለችኝ።

እነሱ ይህን የሚሉት እየሳቁ አይደለም። እኔም አልሳቅሁም። እናቴ ለቅዳሴ ስትወጣ ከቆራቢዎቹ ተለይታ ውጭ ትቆማለች፤ አባቴ በየዳ መውጣት ትቶ እንስሶቹን ሲያሽ ይውላል።

ግራዝማች ቤት ሄድሁ። እንዲያስተካክሉት ልለምናቸው ነበር፤ እሳቸውን ግን እንደ ለቅሶ ቤት ሰው አንገታቸውን ደፍተው አገኘኋቸው።

«አባትሽ ያን ጊዜ እዚች ደፍ ላይ ተቀምጦ አልቅሷል» አሉኝ። «እሷን ካላገባሁ በየዳ ወጥቼ አልመለስም አለ። ምን ላድርግ? ትርንጎን አነሣኋት። በቦታዋ ብርቅነሽን፣ አባቷንና አያቷን አስቀመጥሁ፣ ሰባት ሞላ። ሦስቱንም የወለድኋቸው እኔ ነኝ። አንቺ በአንድ ቀን ፈጀሻቸው።»

ብርቅነሽ የምትባል ሴት ጨርሶ እንዳልነበረች ገባኝ። ምን ዓይነት ሴት እንደ ነበረች ግን ጠየቅኋቸው። ረጅም ነበረች አሉ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። የፈተለችው ፈትል ፀጉር ይመስላል። ይህን ሲሉ ፊታቸው በራ። ባለቤታቸው ከውስጥ «እኔን እንዲህ አውርተውኝ አያውቁም» አሉ።

እንግዲህ ማስተካከያው እኔው ጋ ነበር። ሽማግሌ ፊት ቆሜ «ተሳስቻለሁ፣ ብርቅነሽን ረስቻት ነው» ካልሁ ሙታኑ ይነሣሉ፣ ወላጆቼ ባልና ሚስት ይሆናሉ። ግን ከወፍጮው ልጅ ጋር የሚያዛምደኝም ያው ትርንጎ ናት፤ በአባቴ በኩል እኔ ሰባተኛ ነኝ፣ በአንድ ወገን ሰባት ከሞላ ደግሞ ያጋባል፤ ስለዚህ እሷን ከእናቴ ወገን ካነሣሁ ዝምድናው ይቀራል፣ እኔም ዳባት እገባለሁ። ዝም ካልሁ ጎንደር እሄዳለሁ፤ አባቴም ከኮርቻው ጋር ይቀራል።

ለዚህ ለዚህ ነው አራተኛው ትምህርት። ጓድ አሠልጣኝ ሐሳብ ሲከፈልባችሁ ለዚህኛው ወገን ባቄላ፣ ለዚያኛው አተር እያስቀመጣችሁ ምክንያቱን ቁጠሩት፣ የበዛው ያሸንፋል ብሎናል። ሰፌድ አምጥቼ ምክንያቶቼን ስደረድር ረፋዱ አለፈ። ውኃ ልጠጣ ተነሥቼ ስመለስ ሰፌዱ ባዶ ነው። እናቴ ለቅማ ንፍሮ ጥዳዋለች። ጾም ስለሆነ ምሳችን ያ ሆነ። ሐሳቤን በጨው በላሁት፤ የትኛው ወገን እንደ በዛ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ለአባቴ ድርሻውን ይዤለት ሄድሁ። የስሜን ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በኅዳር መጨረሻ እንኳን ሰው ድንጋይ ይንቀጠቀጣል። አባቴ ንፍሮውን ተቀብሎኝ፣ የለበሳትን ጋቢ አውልቆ አጣጠፈና ሰጠኝ።

«ለአክስቴ ስጫት» አለ። «እሷ ብርድ አትችልም።»

ጋቢውን ለእናቴ ሰጥቼ፣ በዚያው አባ ገብረ ማርያም ቤት ሄጄ ሰዎቹን ይሰብስቡልኝ አልሁ።

ሰዎቹ እንደ ገና መጡ፤ ግራዝማችም ጋሼ ካሳዬም። እናቴ ጓዳ፣ አባቴ በር አጠገብ። ቆምሁና ተሳስቻለሁ አልሁ። ደስታን የወለደችው ብርቅነሽ ናት፤ ረጅም ነበረች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም፣ ፈትሏ ፀጉር ይመስላል፤ እኔ ስኳር ወረፋ ላይ አቁሜያት ሳለ ትርንጎ ቀድማት ገባችብኝ። ግራዝማች ዓይናቸውን ጠራረጉ። ጋሼ ካሳዬ ስለ ወረፋው ሊጠይቁኝ አፋቸውን ሲከፍቱ አባ ገብረ ማርያም ቀደሟቸው፤ ካህናቱ ዘንድ ይዘውት ሊሄዱ የተጨነቁበት ነገር ስለ ነበረ፣ «እግዚአብሔር ይፍታ» ብለው መስቀላቸውን ከፍ አደረጉና ነገሩን ዘጉት።

«እንግዲያውስ የእኛም ንጹሕ ሆነ» አሉ ጋሼ ካሳዬ። «ስለ ጥሎሹ እንነጋገር።»

ሁሉም ወደ አባቴ ዞረ። እኔ ወደ ጋሼ ካሳዬ ዞርሁ። ልጃችሁ ጥሩ ልጅ ነው አይደል አልኋቸው። አዎ አሉ። ጥሩ ልጅ ደግሞ የምትፈልገው ሴት ይገባዋል አይደል?

«በቃ» አለ አባቴ። «አይደል አይደል አትበይብን። የምትይውን በይ።»

«አላገባውም» አልሁ። «ጎንደር ማሠልጠኛ ስሜ ወጥቷል። ከገና በኋላ ግቢ ተብያለሁ። መሄድ እፈልጋለሁ።»

አባቴ ከበሩ ወደ እኔ ቀረበ።

«ይህን መቼ ነገርሽኝ?»

«ዝናቡ ጥሩ ነበር አይደል ያልሁህ ጊዜ።»

ጋሼ ካሳዬ በእኛ ዘመን ልጅ በአባቷ ቃል እንጂ በራሷ ቃል አትመለስም ነበር አሉ። አባቴ ለእሳቸው አልመለሰም። ወደ ጓዳው ዞሮ፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለ። እናቴ የእሱን ጋቢ ለብሳ ወጣች። የጠላውን ማንቆርቆሪያ ከእጄ ወሰደችና ለእሱ ቀዳችለት፤ ከዚያ ለአባ፣ ከዚያ ለእንግዶቹ።

«ልጅቱ ትሂድ» አለች።

አባቴ ጠላውን ጠጣ። ዋንጫውን አስቀምጦ ለዳባቶቹ «ሰምታችኋል» አላቸው።

ዳባቶቹ ሄዱ። አባቴ እስከ ገና ድረስ ከእኔ ጋር አንድ ቃል አልተነጋገረም፤ ከእናቴ ጋር ግን ማታ ማታ ሲያወራ እሰማው ነበር። ጎንደር የምሄድ ቀን ማለዳ ተነሥቶ ሣጥኔን ተሸክሞ ከፊቴ ከፊቴ ሄደ። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። አባቴ ሣጥኑን ጣሪያ ላይ ሰቅሎ፣ ገመዱን እሱ ራሱ አሰረውና ወረደ።

ረዳቱ በሩን ግጥም አድርጎ ይዞ ቆሟል።

«ቦታ የለም» አለኝ።

በክንዱ ሥር አልፌ ገባሁ።